የሚግለው ስፒና፣ ሌሊት የሚወድቀው አርሲዲ እና ጫፉ የሚቃጠለው ሰላጣ

ጥያቄ፦ መስኮት በሌላት አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ 2 ካሬ ሜትር በሚሆን መደርደሪያ ላይ፣ ሰላጣ፣ በሶብላ እና የቲማቲም ችግኝ በመብራት አበቅላለሁ። ሁለት ባለ 240 ዋት የኤልኢዲ መብራቶች፣ ባለ 1500 ዋት ማሞቂያ ከነቴርሞስታቱ፣ 40 ዋት የአየር ማውጫ ፋን እና 20 ዋት የውሃ ፓምፕ አሉኝ። ሁሉም በአንድ ዲቫይደር ላይ ተሰክተዋል። መብራቱ ቀን 16 ሰዓት ይበራል፣ ሌሊት ይጠፋል። የዲቫይደሩ ስፒና አንዳንድ ጊዜ እጅ እስከማያስነካ ድረስ ይግላል፤ ባለ 16 አምፔሩ ብሬከር ግን አንድም ቀን ወድቆ አያውቅም። የሚወድቀው አርሲዲው (ከረንት ወደ መሬት ሲፈስ ኃይሉን የሚቆርጠው መሣሪያ) ነው፤ እሱም መብራቱ ከጠፋ በኋላ፣ ሌሊት። አንድ ሠራተኛ «አርሲዲው አስቸጋሪ ነው፣ ዘለን እናገናኘው» አለኝ። በሌላ በኩል የሰላጣው የውስጥ ቅጠል ጫፍ ይቃጠላል፣ ጥግ ላይ ያለው የቲማቲም ችግኝ ደግሞ ቀጥኖ ረዝሟል። ሦስተኛ መብራት ልጨምር? ወይስ ያሉትን 24 ሰዓት ላብራቸው?

ምላሽ፦

ዛሬውኑ መደረግ ያለበትን ላስቀድም። ብሬከሩን ያውርዱ፤ ከዚያ የሞቀውን ስፒና ይንቀሉ። ቅደም ተከተሉን አይለውጡ። ውስጡ የቀለጠ ፕላስቲክ ካለ ስፒናው ሲሳብ የሶኬቱ ናስ አብሮት ሊወጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ኃይል ያለው ብረት እጅዎ ላይ ነው የሚቀረው። ማሞቂያውን ከዲቫይደሩ ያውጡ፤ ወደዚያ ዲቫይደር ዳግመኛ አይመለስም። አርሲዲውን ዘለን እናገናኘው ላለዎት ሰው ደግሞ አመስግነው በሩን ያሳዩት። በጻፉልኝ ዝርዝር ውስጥ ሥራውን በትክክል እየሠራ ያለው አንድ ዕቃ አርሲዲው ብቻ ነው።

አሁን ስለ ስፒናው። ዕቃዎቹ ሁሉ አብረው ሲሠሩ 2040 ዋት ይሆናሉ። በ220 ቮልት ሲካፈል 9.3 አምፔር ገደማ ነው። በ110 ወይም በ120 ቮልት የሚጠቀም አንባቢ ከረንቱ እጥፍ እንደሚሆን ይያዝልኝ። 9.3 አምፔር ደህና ለተሠራ ባለ 10 አምፔር ዲቫይደር በወረቀት ላይ የሚፈቀድ ጭነት ነው። ታዲያ ለምን ይግላል? ዲቫይደር ላይ የተጻፈው ቁጥር ንክኪው አዲስና ጥብቅ መሆኑን ያሰበ ነው፤ የእርስዎ ማሞቂያ ደግሞ በየሌሊቱ ለሰዓታት ይሠራል። አንድ ጭነት ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳይቋረጥ የሚሠራ ከሆነ የመስመሩን አቅም እስከ 80 በመቶ ብቻ መጠቀም የተለመደ ጥንቃቄ ነው፤ ባለ 10 አምፔር ዲቫይደር ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ባለ 8 አምፔር ነው ብለው ይቁጠሩት።

ዋናው ጥፋት ግን ያለው የስፒናው እግርና የሶኬቱ ናስ የሚነካኩበት ቦታ ላይ ነው። በዚያ ቦታ የሚፈጠረው ሙቀት የከረንቱ መጠን በራሱ ተባዝቶ፣ ከዚያ በንክኪው ሬዚስታንስ ሲባዛ የሚገኘው ነው። የላላ ወይም የጠቆረ ንክኪ 0.3 ኦም ብቻ ቢኖረው እንኳ በ9.3 አምፔር 26 ዋት ያህል ሙቀት ይወጣዋል። የሬዲዮ ጠጋኞች ቆርቆሮ የሚያቀልጡባት ትንሽ ብረት ከ25 እስከ 40 ዋት ናት፤ እርስዎ እንዲህ ያለች ብረት ግድግዳዎ ውስጥ ሰክተው ተኝተዋል ማለት ነው። ነገሩ ደግሞ ራሱን እያባባሰ ይሄዳል። ናሱ ሲግል የመያዝ ኃይሉን ያጣል፣ ሲላላ ይበልጥ ይግላል፣ ሲግል ይጠቁራል። አንዴ እጅ እስከማያስነካ የጋለ ሶኬት ቀዝቅዞ ቢያዩትም አልዳነም። ሶኬቱም ዲቫይደሩም ይቀየሩ።

ብሬከሩ ዝም ያለው ሰንፎ አይደለም፤ አያየውም። እሱ የሚቆጥረው የሚያልፈውን ከረንት ብቻ ነው፤ በእሱ በኩል የሚያልፈው ቢበዛ 9.3 አምፔር ነው፣ የተፈቀደለት ደግሞ 16። እንዲያውም ለቤት የሚሠራ ባለ 16 አምፔር ብሬከር 18 አምፔር ቢያልፍበት ሰዓታት ሊታገሥ ይችላል፤ 23 አምፔር ላይ ሲደርስ እንኳ እስከ አንድ ሰዓት የመቆየት ፈቃድ አለው። የተሠራው በግድግዳ ውስጥ የተቀበረውን ሽቦ ለመጠበቅ ነው። የአንዲት ስፒና እግር ብትቀልጥ አይሰማም። ስለዚህ «ብሬከሩ ካልወደቀ ደህና ነው» የሚለውን አባባል ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት። የራስዎ እጅ ይሻላል፦ ዕቃዎቹ ሁለት ሰዓት ያህል ከሠሩ በኋላ በደረቅ የእጅዎ ጀርባ የስፒናውን ፕላስቲክ ይንኩ፤ ለብ ካለ ይሁን፣ ካቃጠለ አይሁን።

ወደ አርሲዲው እንለፍ፤ ከጥያቄዎ ሁሉ ይህ ይበልጥ ይስባል። አርሲዲ በፌዝ (ኃይል በሚያመጣው ሽቦ) የሄደው ከረንት በኒውትራል (በመመለሻው ሽቦ) መመለሱን ይቆጣጠራል። ልዩነት ከተፈጠረ የጎደለው ከረንት በሌላ መንገድ፣ በብረት፣ በውሃ ወይም በሰው በኩል፣ ወደ መሬት እየሄደ ነው ማለት ነው። ባለ 30 ሚሊአምፔሩ ከ15 በታች መውደቅ የለበትም፣ 30 ላይ ግን የግድ ይወድቃል። የኤልኢዲ መብራት ድራይቨሮች (ለመብራቱ ኃይል የሚመጥኑት ሳጥኖች) በጤናቸውም ቢሆን ጥቂት ያፈሳሉ፤ ሁለት ድራይቨር ግን 15 ሚሊአምፔር አይሞላም። ደግሞም የሚወድቀው እነሱ ከጠፉ በኋላ ነው።

ታዲያ ሌሊት ምን ይለወጣል? ሁለት ነገር። አንደኛው፣ 480 ዋት መብራት ማለት 480 ዋት ማሞቂያም ማለት ነው፤ ከመብራቱ የሚወጣው ኃይል በሙሉ ማለት ይቻላል መጨረሻው ሙቀት ሆኖ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። ሲጠፋ ክፍሉ ይቀዘቅዛል፣ ቴርሞስታቱ ይሰማል፣ ቀን አብዛኛውን ጊዜ ያረፈው ማሞቂያ ይነሣል። የማሞቂያ ቱቦ ውስጥ ሽቦውን ከብረቱ የሚለየው የማግኒዥየም ኦክሳይድ ዱቄት ነው፤ ይህ ዱቄት እርጥበት ይስባል። የቱቦው ጫፍ ያረጀ እንደሆነ በእርጥብ ክፍል ውስጥ ሲያርፍ ወዙን ጠጥቶ ይቆያል፣ በተነሣ ጊዜ ኤሌክትሪክ ያፈስሳል። ሁለተኛው ጤዛ ነው። ቀን 24 ዲግሪ እና 65 በመቶ እርጥበት የነበረው አየር 17 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ የያዘውን ውሃ መጣል ይጀምራል። ውሃው የሚያርፈው ቅጠል ላይ ብቻ አይደለም፤ ወለል ላይ የተጋደመው ዲቫይደር ቀዳዳዎች ውስጥም ነው።

እኔ ዋናው ተጠርጣሪ ማሞቂያው ነው እላለሁ። መርምረን እናረጋግጥ። ሶኬቱና ዲቫይደሩ ከተቀየሩ በኋላ፣ ማሞቂያው ተነቅሎ፣ ሌላው ሁሉ እንደነበረ ሁለት ሦስት ሌሊት ይለፍ። አርሲዲው ካልወደቀ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ከወደቀ ፓምፑን ነቅለው ከዚያ ከውሃው አውጥተው ይሞክሩ፤ ከዚያ መብራቶቹን አንድ በአንድ። «ነቅለው» ስል ከሶኬት ማውጣት ማለቴ ነው፣ በማብሪያ ማጥፊያው መዝጋት አይበቃም። ብዙው ማጥፊያ የሚቆርጠው አንዱን ሽቦ ብቻ ስለሆነ በኒውትራልና በመሬት ሽቦው መካከል ያለ ፍሳሽ ዕቃው ተዘግቶም አርሲዲውን ሊጥለው ይችላል። ብዙ ሰው «ሁሉንም አጥፍቼ ወደቀ፣ ስለዚህ አርሲዲው ተበላሽቷል» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

ዘሎ ማገናኘት ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር ልንገርዎት። ደረቅ ቆዳ ኤሌክትሪክን በሺዎች ኦም ይመክታል፤ እርጥብ እጅ ይዞ እርጥብ ወለል ላይ የቆመ ሰው ግን ወደ 1000 ኦም ሊወርድ ይችላል። 220 ቮልት ለ1000 ሲካፈል 220 ሚሊአምፔር ነው። 10 ሚሊአምፔር አካባቢ ጡንቻ ይጨብጥና የያዙትን መልቀቅ ያቅታል፤ ከ30 በላይ ለሰከንዶች ከቆየ ልብን ሊያዛባ ይችላል። አርሲዲ ይህን በ0.3 ሰከንድ፣ ፍሳሹ ትልቅ ሲሆን ደግሞ በ0.04 ሰከንድ ውስጥ ይቆርጠዋል። በእርስዎ ክፍል ውስጥ ያለው ውሃ ደግሞ ማዳበሪያ የተበጠበጠበት ነው፤ ጨው ስላለበት ኤሌክትሪክን ከንጹሕ ውሃ እጅግ በተሻለ ያስተላልፋል። ፓምፑ ሳይነቀል እጅዎን ወደ ውሃው አይስደዱ። አዲስ ሲገዙም ባለ 12 ወይም ባለ 24 ቮልት ፓምፕ ይምረጡ፤ ትራንስፎርመሩ ከውሃው ርቆ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።

አርሲዲ ሁሉን ቻይ ግን አይደለም። አንድ እጅዎ ፌዙን፣ ሌላው ኒውትራሉን ቢነካ አርሲዲ እርስዎን ከአምፖል አይለይም፤ የሄደው ሁሉ ስለተመለሰ ዝም ይላል። የመሬት ሽቦ ከሌለ ደግሞ ጥፋቱን ቀድሞ አያውቅም። የመብራቱ የአሉሚኒየም አካል፣ የመደርደሪያው ብረት፣ መብራቱ የተሰቀለበት የብረት ገመድ ሁሉም ተነካኪ ናቸው። ልባሱ የተላጠ ሽቦ የመብራቱን አካል ሲነካ፣ የመሬት ሽቦው ካለ አርሲዲው በዚያችው ቅጽበት ይወድቃል። ከሌለ አንድ ሰው መጥቶ እስኪነካው ድረስ ይጠብቃል። ስለዚህ ሦስት እግር ያለውን ስፒና በሁለት እግር ወደሚገባ አስማሚ መሰካት፣ ወይም ሦስተኛውን እግር መቁረጥ፣ በዚህ ክፍል ውስጥ በፍጹም አይደረግም። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የሚያንጸባርቅ ፕላስቲክም ላዩ አሉሚኒየም የተቀባ ስለሆነ ኤሌክትሪክ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ሶኬትና ተርሚናል አጠገብ ሲደርስ ይቆረጥ።

በወር አንድ ጊዜ የአርሲዲውን «ቲ» የሚል ቁልፍ ይጫኑ። ካልወደቀ ይቀየር። ሲቀየር «ኤ» ዓይነት የሚባለውን ይጠይቁ፤ ድራይቨር ላላቸው ዕቃዎች ከ«ኤሲ» ዓይነቱ ይሻላል።

ስለ አቀማመጡ ብዙ አልልም። ዲቫይደሩ ከወለል ይነሣ፣ ከውሃ ማጠራቀሚያው በላይ እና ወደ ጎን ራቅ ብሎ ግድግዳ ላይ ይታሰር፤ ከሱ በላይ ግን ምንም ውሃ የሚያፈስ ነገር አይኑር። ወደ እያንዳንዱ ሶኬት የሚመጣ ገመድ መጀመሪያ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ይንጠልጠልና ከዚያ ወደ ላይ ይመለስ፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ውሃ ከታችኛው እጥፋት ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም። ምንም ወጪ የለውም፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅም፣ ከማየው አሥር ክፍል ዘጠኙ ውስጥ ግን የለም። የሚረጩበት ቦታ ያሉት ዕቃዎች ቢያንስ «አይፒ44» የሚል ምልክት (ውሃና ባዕድ ነገር የመከላከል ደረጃ) ይኑራቸው፤ «አይፒ20» ለደረቅ ክፍል ብቻ ነው። ረጅም ገመድ ከሆነ ጠቅልለው አያስቀምጡት፤ የተጠቀለለ ገመድ ሙቀቱን ማስወጣት ስለማይችል ከአቅሙ በታችም ይቀልጣል።

እንግዲህ ወደ ተክሎቹ። ሦስተኛ መብራት አያስፈልግዎትም፤ እንዲያውም ያለዎት ብርሃን በዝቷል። ደህና የኤልኢዲ መብራት በአንድ ዋት 2.5 ማይክሮሞል (ተክል የሚጠቀምበት ብርሃን መለኪያ) ያህል ብርሃን በሰከንድ ይሰጣል። ሁለቱ አብረው 1200 ይሆናሉ፤ አንድ አምስተኛው ግድግዳ ላይ ቢቀር በ2 ካሬ ሜትር ላይ በካሬ ሜትር 480 ያርፋል። ይህ በ16 ሰዓት ሲደመር በካሬ ሜትር 27 ሞል ተኩል ያህል የቀን ብርሃን ነው። ለሚያፈራ ቲማቲም መልካም ነው። ሰላጣ ግን ከ12 እስከ 17 ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ሲሆን ቅጠሉ በፍጥነት ያድጋል፤ ካልሲየም ደግሞ ቅጠሉ የሚደርሰው ከሚተነው ውሃ ጋር ነው። የተጠቀለሉት የውስጥ ቅጠሎች አየር ስለማይነካቸው አይተንኑም፣ ካልሲየሙ አይደርሳቸውም፣ ጫፋቸው ይሞታል። ማዳበሪያው ላይ ካልሲየም መጨመር ብዙ ጊዜ የማይፈታውም ለዚህ ነው፤ ችግሩ ያለው መንገዱ ላይ ነው። መድኃኒቱ ብርሃኑን መቀነስና በመደርደሪያው ላይ ቅጠሉን በጥቂቱ የሚያወዛውዝ አየር ማንቀሳቀስ ነው። አየር ማውጫ ፋን ብቻ አይበቃም፤ እሱ የክፍሉን አየር ይለውጣል እንጂ ሰላጣው መካከል አይገባም።

የቲማቲሙ ችግኝ ደግሞ ጥግ ላይ፣ በሰላጣው ጥላ ውስጥ ስላለ ብርሃን ፍለጋ ነው የረዘመው። ሌሊት በጨለማ ማሞቂያው ሲያሞቀው ይባስ ይቀጥናል። ቦታቸውን ይለዋውጡ፦ ቲማቲሙ ከአንደኛው መብራት መካከል ስር፣ ሰላጣውና በሶብላው በሌላኛው ስር። በሰላጣው በኩል ያለው መብራት ማደብዘዣ ካለው ወደ ግማሽ ይውረድ፤ 240 ማይክሮሞል በ16 ሰዓት 14 ሞል ያህል ይሰጣል። ማደብዘዣ ከሌለው ከፍ አድርገው ይስቀሉት። የቀጠነውን ችግኝ አይጣሉት፤ ቲማቲም ከግንዱ ሥር ስለሚያወጣ ሲያዛውሩ እስከ መጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ድረስ ይቅበሩት።

24 ሰዓት ማብራትን ይርሱት። ቲማቲም ጨለማ ሲያጣ ቅጠሉ ይገረጣል፣ ይጎዳል፤ በዚህ ጉዳይ ቁጡ ተክል ነው። ወደ ፊት ስፒናች ወይም ድንብላል ካሰቡ ደግሞ 16 ሰዓትም ይበዛባቸዋል፤ ቀኑ ሲረዝም ቅጠል መስጠቱን ትተው ወደ አበባ ይሄዳሉ።

አሁን ሁለቱን ነገሮች ላገናኛቸው፤ ከሁሉ በላይ ይህን ቢያደርጉልኝ ደስ ይለኛል። ክፍሉ መስኮት የለውም፤ ተክሎቹ ፀሐይ መቼ እንደምትወጣ አያውቁም። መብራቱን ለምን ቀን ያበራሉ? ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ያብሩት። የመብራቱ ሙቀት ብርዱ በሚበረታበት ሌሊት ይሠራል፤ ጨለማው ውጭው በሚሞቅበት የቀኑ ክፍል ላይ ይውላል። ማሞቂያው በብዙ ክፍሎች ጨርሶ ሥራ ያጣል፣ ክፍሉ ስለማይቀዘቅዝ ጤዛው አይወርድም። የዲቫይደሩ ጭነት ከ2040 ወደ 540 ዋት፣ ማለትም ወደ 2.5 አምፔር ይወርዳል። ያ የላላ ንክኪ፣ 26 ዋት ያመነጭ የነበረው፣ 2 ዋት እንኳ አይሞላም ነበር። ይህ ግን ሶኬቱን ላለመቀየር ሰበብ አይሁን። እርስዎ ተኝተው መብራቱ ሊሠራ ነውና የጭስ ማስጠንቀቂያ በክፍሉ ጣሪያ ላይ፣ ባለ ዱቄት ወይም ባለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የእሳት ማጥፊያ ደግሞ ከክፍሉ ውጭ በር አጠገብ ይኑር። ኃይል ባልተቋረጠበት እሳት ላይ ውሃ አይደፋም። ማሞቂያው ያኔም ካስፈለገ፣ ተመርምሮ፣ በራሱ የግድግዳ ሶኬት ላይ፣ ያለ ዲቫይደር።

ታይመሩን ልብ ይበሉ። ርካሹ ታይመር ላይ 16 አምፔር ቢጻፍም ያ ቁጥር ለማሞቂያ ዓይነት ጭነት ነው። የኤልኢዲ ድራይቨር በሚነሣባት ቅጽበት፣ ከሺሕ አንድ ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ፣ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ከረንት ይስባል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም የታይመሩን ንክኪ ያጣብቀዋል፤ ታይመሩ «ጠፍቷል» እያለ መብራቱ ይበራል። ከሁለት መብራት በላይ ከሆነ ታይመሩ ኮንታክተር (ከባድ ጭነት የሚችል፣ በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ) ያዝዝ፣ ኮንታክተሩ መብራቱን ያብራ። ይህን የሚገጥመው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው።

ባለሙያው ሲመጣም «አየሁት፣ ደህና ነው» አይበቃም። ማሞቂያውንና ፓምፑን በ500 ቮልት የልባስ መለኪያ ይለካቸው፤ ከ1 ሜጋኦም በታች የወረደው ይጣላል። የአርሲዲውን የመቁረጫ ጊዜና ከረንት በመሣሪያ ይለካ። የመሬት ሽቦው ሶኬቱ ድረስ በእርግጥ መድረሱን፣ መብራቱን የሚሸከመው የብረት መደርደሪያም ከሱ ጋር መታሰሩን ያሳይዎት። የግድግዳው ሽቦ ስንት ሚሊሜትር ካሬ እንደሆነም ይንገርዎት፤ 1.5 ሆኖ ከተገኘና ረጅም መንገድ በሙቀት መከላከያ ውስጥ ካለፈ፣ ባለ 16 አምፔሩ ብሬከር ራሱ ወደ 10 መውረድ ሊኖርበት ይችላል።